ከኮንቲኒዩቲ ደብተር ወደ ዳይሬክተር ወንበር፦ የቴሌቪዥን ድራማ ዳይሬክተር ለመሆን ከሥር መጀመር

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ወጣት ይደውልልኛል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ነው። መልሴም አንድ ነው፤ ካሜራውን ለጊዜው ተወውና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዛ። ካሜራ ይከራያል፣ ጎበዝ ካሜራማንም አይጠፋም። የማይከራየው የዳይሬክተሩ ጭንቅላት ነው። ተከታታይ ድራማ የሚቀረጸው ተቆራርጦ ነው። ሠርጉ ከሽምግልናው በፊት ይቀረጻል፤ በር ላይ የተጀመረ ንግግር ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳሎን ውስጥ ይጨረሳል። ተመልካቹ ግን አንድ ያልተቋረጠ ሕይወት ማየት አለበት። ያንን ሕይወት ሳይበጠስ ይዞ የሚዞረው ዳይሬክተሩ ነው፤ ይህንንም እንደ ኮንቲኒዩቲ ሥራ፣ ማለትም ተቆራርጦ የተቀረጸው ሲገጣጠም ልብሱም ዕቃውም እንቅስቃሴውም እንዳይዛነፍ በደብተር እንደመያዝ፣ የሚያስተምር ሌላ ቦታ በቀረጻ ላይ አላየሁም።

ስለዚህ መመሪያዬ የሚነሣው ከደብተሩ ነው። የጻፍኩት አዲስ አበባ ውስጥ የቴሌቪዥን ድራማ መሥራት ለምትፈልጉ ሲሆን፣ ሌላ ከተማ ያላችሁም ብዙውን እንዳለ ትጠቀሙበታላችሁ።

1. በኮንቲኒዩቲ ግቡ

ሥራ ስትጠይቁ መጀመሪያ ወደ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ሂዱ። በቀረጻ ሰሞን ዳይሬክተሩ ሰው የሚያነጋግርበት ጊዜ የለውም፤ የትኛው ቦታ ላይ ሰው እንደጎደለ የሚያውቀውም ማናጀሩ ነው። «የተገኘውን ልሥራ» አትበሉት። «ኮንቲኒዩቲ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ናሙና ይዤ መጥቻለሁ» በሉት። ናሙናውን ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታዘጋጃላችሁ። በቴሌቪዥን ከተላለፈ ድራማ አንድ ክፍል ውሰዱና ትዕይንት በትዕይንት ጻፉ፤ የት ነው፣ ቀን ነው ማታ፣ ማን ምን ለብሷል፣ በየትኛው እጁ ምን ይዟል፣ ከየት ገብቶ ወዴት ወጣ፣ በየትኛው ቃል ላይ ቁጭ አለ። ስድስትና ሰባት ገጽ ይሞላላችኋል። ያንን ያየ ማናጀር ባዶ እጃችሁን አይመልሳችሁም፤ ባይቀጥራችሁ እንኳ ስልካችሁን ይመዘግባል።

ቀረጻው ላይ ለእያንዳንዱ ሾት (ካሜራው ሳያቋርጥ ለሚቀርጸው አንድ ምስል) የትዕይንቱን ቁጥር፣ ስንተኛ ሙከራ እንደሆነ፣ ዳይሬክተሩ የትኛውን እንደወደደው፣ ተዋናዩ ከስክሪፕቱ የቀየረው ቃል ካለ እሱን፣ ከዚያም አካልና ዕቃን ትጽፋላችሁ። ብርጭቆው እስከ የት ሞልቷል? የግድግዳው ሰዓት ስንት ይላል? እጅጌው ተሰብስቧል? በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ግን በፎቶ ብቻ አትመኩ። ፎቶ ተዋናይቱ በየትኛው ቃል ላይ ሲኒውን እንዳስቀመጠች አይነግራችሁም።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በረዳትነት በሠራሁበት አንድ ድራማ የለቅሶ ቤት ትዕይንት ነበረን። ባሏ የሞተባት እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። መሸብንና የእሷ የቅርብ ሾት ሳይቀረጽ አደረ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስንመለስ ተዋናይቱ ነጠላዋን እንደ ወትሮው፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰች። እኔ ደብተሬ ላይ ያሰፈርኩት «ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ» ብቻ ነበር። ቀረጽን፣ ኤዲት ተደረገ፣ ተላለፈ። ያን ዕለት ማታ እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ሴትዮዋ በተቀመጠችበት ከሐዘን ወጣች እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የልብሱን ስም ብቻ አልጽፍም፤ አለባበሱን ጭምር እጽፋለሁ። ነጠላ፣ የተዘቀዘቀ፣ ጫፉ በግራ ትከሻ የወደቀ፣ ፀጉር ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ። የእኛ ተመልካች ነጠላ ያነባል። ለሠርግ የተለበሰውን፣ ለቤተ ክርስቲያን መስቀልያ የተጣፋውን፣ ለለቅሶ የተዘቀዘቀውን ለይቶ ያውቃል፤ እኛ ከእሱ ባነሰ ዓይን መሥራት አይገባንም።

አንድ ሙሉ ምዕራፍ በኮንቲኒዩቲ ከሠራችሁ በኋላ ረዳት ዳይሬክተርነትን ጠይቁ። እዚያ የምትማሩት ሰዓትን ነው፤ ማን መቼ ይምጣ፣ የትኛው ትዕይንት ይቅደም፣ የትኛው ይሰረዝ። ሁለቱን የሠራ ሰው የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ ሲቀመጥ አይደነግጥም።

2. ትምህርቱን ጎን ለጎን አስኪዱት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለ፤ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ደግሞ የፊልም ፕሮዳክሽን። በከተማው የአጭር ጊዜ ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማትም አሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ተማሪው እስኪመረቅ ድረስ ስንት ሥራ ራሱ ዳይሬክት ያደርጋል? መልሱ «አንድ፣ በቡድን» ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

3. ስክሪፕቱን በትኑት

ስክሪፕት ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ድምፃችሁን አውጥታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንብቡት። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው የሚለው ልማድ ለአማርኛ ጽሑፍ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሰላምታችን ራሱ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ሰላምታውን በሙሉ አትቁረጡት። ማን ማንን ቀድሞ እንደሳመ፣ ማን ከመቀመጫው እንዳልተነሣ፣ ማን «አንቱ» ብሎ ጀምሮ «አንተ» ወደማለት እንደወረደ ብዙ ታሪክ ይናገራል። ያንን የማይናገረውን ቁረጡ።

ሁለተኛው ንባብ በእርሳስ ነው። በየትዕይንቱ ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። አንደኛው፣ እዚህ ማን ምን ፈልጎ መጣ? ሁለተኛው፣ ሲወጣ ምን ተቀይሮበታል? ሁለተኛውን መመለስ ካልቻላችሁ ወደ ደራሲው ሂዱ። «አይመችም» ብላችሁ ሳይሆን፣ ጥያቄውን ይዛችሁ ሂዱ። ደራሲ ጥያቄ ያከብራል።

ሦስተኛው ንባብ የማናጀሩ ነው፤ ቦታ፣ ተዋናይ፣ ልብስ፣ ዕቃ በየዝርዝሩ ይወጣል። በአንድ ቤት ውስጥ የሚቀረጹት ትዕይንቶች ከሁሉም ክፍል ተለቅመው አንድ ላይ የሚታሰሩት ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ከቅደም ተከተሉ ይወጣል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በደብተሩ አንድ ገጽ ስጡና ከክፍል 1 ጀምሮ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ መዝግቡ። ተዋናዩ ጠዋት ክፍል 12ን፣ ከሰዓት ክፍል 3ን ሲጫወት «አሁን ምስጢሩን አውቄያለሁ ወይስ ገና ነኝ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። በዚያ ቅጽበት ማመንታት የለም።

4. ሾቱን ከቀረጻው በፊት ወስኑ

በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ገጽ ትዕይንት ነው። ልጅቷ ከዓረብ አገር ተመልሳለች። እናት ከሰል እያራገበች ቡና ታፈላለች። ልጅቷ ለዓመታት የላከችውን ገንዘብ ወንድሟ ጨርሶታል፤ እናት ታውቃለች፣ አልነገረቻትም። ልጅቷ ሌላ ሌላ ስትጫወት ቆይታ «ብሩ ባንክ ነው አይደል እማዬ?» ትላለች።

መጀመሪያ የማይታይ መስመር ከእናት ዓይን ወደ ልጅ ዓይን ዘርጉ። ካሜራው ከዚህ መስመር በአንዱ ወገን ይቆያል። ከተሻገረ ሁለቱ ፊት ለፊት መነጋገራቸው ይቀርና ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ። ከዚያ ማስተሩን (ሁሉንም በሰፊው የሚያሳየውን ሾት) ከበሩ በኩል፣ ትዕይንቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጡ ቅረጹ። ጊዜ ካጠረ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ቀጥሎ በልጅቷ ትከሻ ላይ እናትን፣ በእናት ትከሻ ላይ ልጅቷን። አራተኛው ሾት የእጅ ነው። ጥያቄው ሲመጣ የእናት ማራገቢያ ይቆማል። ይኸው ነው፤ እንባም ሙዚቃም አያስፈልገውም።

ማራገቢያውን የመረጥኩት በድምፁ ምክንያት ነው። የቴሌቪዥን ተመልካች እንደ ሲኒማ ቤት በጨለማ ተቀምጦ አያያችሁም። እንጀራ ያቀርባል፣ ልጅ ያባብላል፣ ወጥ ለማማሰል ይነሣል። ግማሹን ድራማ የሚሰማው በጆሮው ነው። ትዕይንቱ ሲጀምር ጀምሮ ቸፍ ቸፍ ሲል የነበረ ማራገቢያ ድንገት ጸጥ ሲል ማድ ቤት ያለችው ሴት ቀና ትላለች። ስለዚህ ድምፅ ባለሙያውን ቀደም ብላችሁ ማራገቢያውን ለብቻው እንዲቀዳላችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። ቡናው አቦል ነው ቶና? ወስናችሁ ጻፉ። አራት ሰዓት በሚፈጅ ቀረጻ ከሰሉ አመድ ይለብሳል፤ የፋመ ከሰል በሌላ ምድጃ እየተዘጋጀ ይጠብቅ። እጣኑ ግን ከባድ ነው፤ በአንዱ ሾት ጢሱ ወፍራም፣ በቀጣዩ ቀጭን ይሆንና ሲቆረጥ ይዘላል። እኔ እጣኑን በማስተሩ መጀመሪያ ብቻ አስጨስና ትዕይንቱ ሳይጋጋል እንዲበርድ አደርጋለሁ።

5. ተዋናይ መምረጥና ማነጋገር

ተዋናይ ለመፈለግ ቴአትር ቤት ግቡ። ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር ውስጥ ትንሽ ሚና ይዞ መድረኩን የሚሞላ ሰው ታገኛላችሁ። ችግሩ የመድረክ ድምፅ የመጨረሻውን ወንበር እያሰበ ይወጣል፤ ማይክራፎኑ ግን ደረቱ ላይ ነው። «ቀንሱት» ከማለት ይልቅ ርቀቱን ቀይሩላቸው። «እዚህ ክፍል ውስጥ የተኛ ሕፃን አለ» በሏቸው፤ ድምፁ በራሱ ይወርዳል፣ ስሜቱ ግን አይወርድም።

አንጋፋ ተዋናይን ማረም ለወጣት ዳይሬክተር ትልቁ ፈተና ነው። ከሞኒተሩ ጀርባ ሆናችሁ በሰው ፊት አትጩኹ። ተነሡ፣ አጠገባቸው ሂዱ፣ ዝቅ ብላችሁ በጆሯቸው ተናገሩ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ከገባ በኋላ ትንሽ ቆይተው ቢያዩትልኝ?» ይበቃል። ምክንያቱን ከጠየቁ ንገሯቸው፣ ካልጠየቁ አታብራሩ። እሳቸው ሌላ ሐሳብ ካመጡ ደግሞ አንድ ጊዜ በእሳቸው መንገድ ቅረጹ። ከልምዴ እንዳየሁት ብዙ ጊዜ የተሻለው እሱ ይሆናል፤ ባይሆንም ሁለተኛውን በፍቅር ይሠሩላችኋል።

6. የቀረጻ ቀን

የጥሪ ወረቀቱ (ማን በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚነግረው) ላይ ሰዓቱን ስትጽፉ «ጠዋት 2 ሰዓት» ብላችሁ በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። የውጭ አቆጣጠርና የእኛ ተደባልቆ ግማሹ ቡድን በቦታው የሌለበትን ጠዋት አይቻለሁ።

ፀሐይዋ ለእኛ አገር ዳይሬክተር የራሷ ሕግ አላት። ቀትር ላይ አናት ላይ ትቆምና የተዋናዩን ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ታደርገዋለች። ስለዚህ የደጅ ትዕይንት ጠዋትና ከ9 ሰዓት በኋላ፣ የቤት ውስጥ ትዕይንት ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። ምሽቱም አይጠብቅም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቆየው ለስላሳ ብርሃን አጭር ነው። ለዚያ ብርሃን የታሰበ ትዕይንት ካላችሁ ተዋናዩ ልብሱን ለብሶ፣ ካሜራው ቆሞ፣ ልምምዱ አልቆ ይጠብቅ። ከአንድ ወይም ሁለት ሾት በላይ አታቅዱ።

ካሜራውን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። ምክንያቱ የመብራት ኃይላችን 50 ኸርዝ መሆኑ ነው። ሹተሩ 1/60 ላይ ከቆየ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በምስሉ ላይ ይርገበገባሉ፤ በትንሹ ስክሪን አይታያችሁም፣ ኤዲቲንግ ላይ ግን ገደል ይሆንባችኋል።

ድምፅ ላይ አትቸኩሉ። ሎኬሽን ስትመርጡ ቤቱን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት፤ በምትቀርጹበት ሰዓት ሄዳችሁ። የታክሲ ረዳት የሚጣራበት ጥግ ነው? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በየስንት ሰዓቱ ድምፅ ማጉያ ይከፍታል? ጎረቤት ብረታ ብረት ቤት አለ? ጣራው ቆርቆሮ ከሆነና ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ንግግር መቅረጽ አይታሰብም፤ ሐምሌና ነሐሴን ለጠዋት ቀረጻ አውሉት ወይም ኮርኒስ ያለው ቤት ፈልጉ። ጄኔሬተሩም ሩቅ ይቀመጥ፣ ረጅም ገመድ ይዘጋጅ። ከእያንዳንዱ ክፍል ከመውጣታችሁ በፊት ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ለ30 ሴኮንድ የባዶውን ክፍል ድምፅ ቅዱ፤ ኤዲተሩ ንግግር ሲቀጥል የሚለጥፍበት ሙጫ ያ ነው።

ለውጭ ቀረጻ ከወረዳና ከፖሊስ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፤ ኮፒውን በሁለት ሰው ኪስ አድርጉ። ከደብዳቤው ባልተናነሰ የሰፈሩን ሰዎች አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ስለ ምግብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የጾም ቀን የፍስክ ትዕይንት አታስገቡ። ገጸ ባሕርይው ክትፎ የሚበላበት ትዕይንት ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከወደቀ የሚጾም ተዋናይ አይጎርስላችሁም፤ ማስጎረስም አይገባችሁም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሳምንታት ይዘልቃል። ቀን መቁጠሪያውን ከስክሪፕቱ ጋር አስተያዩ። በረመዳንም ለሚጾሙ ባልደረቦች ማፍጠሪያውን በጥሪ ወረቀቱ ላይ እንደ ምሳ ሰዓት አስገቡት። ይህን ያደረገ ዳይሬክተር ከሌሊቱ 5 ሰዓትም ሰው አይለየውም።

ማታ ሥራው ሲያልቅ በካሜራው ካርድ ላይ ያለው ሳይደመሰስ በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለበጥ፣ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ቤት አይደሩ።

7. ኤዲቲንግ

በመጀመሪያው ቁርጥ ከኤዲተሩ አጠገብ አትቀመጡ። የወደዳችኋቸው ሙከራዎች የተጻፉበትን ደብተር ስጡትና ለብቻው ተዉት። ሲጨርስ እንደ ተመልካች አንድ ጊዜ ሳታቋርጡ እዩ።

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር ልበል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በአማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ ከገቡ ወዲህ ብዙ ወጣት ዳይሬክተር ረጃጅም አተያይና የተጎተተ ሙዚቃ ይወዳል። ያ አተያይ የራሱ ምክንያት አለው። ቱርክ ውስጥ የድራማ አንድ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ጊዜውን መሙላት አለባቸው። ለውጭ ገበያ ነው ተቆራርጦ የሚሸጠው። እናንተ 40 ደቂቃ ይዛችሁ ያንን ብትኮርጁ ታሪኩ ቆሞ ይቀራል። ዝምታችሁን ለማራገቢያዋ ቅጽበት ቆጥቡት።

8. ጣቢያ፣ ስፖንሰርና ውል

የመጀመሪያ ሥራችሁን ለማሳየት 10 ደቂቃ የሚሆን ናሙና ሥሩ፤ አንድ ቤት፣ ሁለት ተዋናይ። ከእሱ ጋር የታሪኩን ማጠቃለያ፣ የገጸ ባሕርያቱን መግለጫ፣ የሦስት ክፍል ሙሉ ስክሪፕትና በጀት አያይዙ። በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረው ብሔራዊ ጣቢያ አንሥቶ እስከ ኢቢኤስ፣ ፋናና በዲኤስቲቪ እስከሚታየው አቦል ድረስ የአሠራሩ ዓይነት ይለያያል። አንዳንዱ ራሱ ከፍሎ ያሠራል፣ አንዳንዱ ማስታወቂያውን ይካፈላል፣ አንዳንዱ የአየር ሰዓት ይሸጣል። የትኛው እንደሆነ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጠይቁ።

ስፖንሰር ስታስቡ የቢራ ፋብሪካን አትቁጠሩ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካስወጣ በኋላ ያ በር ተዘግቷል፤ ባንክ፣ ሪል እስቴትና የምግብ ምርቶች ላይ አተኩሩ። ገጸ ባሕርይ በታሪኩ መሀል የስፖንሰር ዕቃ እንዲያሞግስ ከተጠየቃችሁ እምቢ በሉ። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ አፍ ላይ አይግባ።

ውል ሳይፈረም አትቅረጹ። በአንድ ወቅት በቃል ተስማምቼ ስምንት ክፍል ከሠራሁ በኋላ ስሜ ከመግቢያው ጽሑፍ ወጥቶ አየሁት፤ የምከራከርበት ወረቀት አልነበረኝም። ውላችሁ የክፍሎቹን ብዛት፣ የክፍያውን ጊዜ፣ ስማችሁ የሚጻፍበትን ቦታ፣ ምዕራፍ 2 ቢመጣ ቅድሚያ ማን እንደሚያገኝ፣ በዩቲዩብ ሲጫን ገቢው የማን እንደሆነ በግልጽ ይናገር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ን በ2007 ዓ.ም. ካሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872 ጋር አንብቡት፤ ረጅም አይደለም። በተለይ ሌላ ሰው ከፍሎ ስላሠራው ሥራ ባለቤትነት የሚናገረውን ክፍል ከመፈረማችሁ በፊት ከጠበቃ ጋር ተመልከቱት።

9. ሲተላለፍ

የመጀመሪያ ክፍላችሁ በሚተላለፍበት ማታ ቤታችሁ አትቀመጡ። ጎረቤት ወይም ዘመድ ቤት፣ ድራማውን ማን እንደሠራው ከማያውቅ ሰው ጋር ተቀመጡ። ጀርባችሁን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታችሁ ፊታቸውን እዩ። ስልክ ያነሡበትን ደቂቃ፣ «ምን አለች?» ብለው የጠየቁበትን፣ ልጁን «ዝም በል!» ያሉበትን በደብተሩ ጻፉ። በማግስቱ ጠዋት ከኤዲተሩ ጋር ሆናችሁ እነዚያን ደቂቃዎች አንድ በአንድ ክፈቷቸው።